ጳጉሜ 3 ቀን 1935፦ ከትናንት ጠላቱ ጎን ስለተሰለፈው የጣሊያን ጦር (ጥያቄና መልስ)

እሺ፣ ቃል በገባሁት መሰረት ዛሬ ማታ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ርዕሳችን ከ1943 እስከ 1945 ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጎን ሆኖ ጀርመንን የወጋው የጣሊያን ጦር ነው። ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ በዚያን ጊዜ ሁለት ጣሊያን ነበር። ደቡብ ላይ የንጉሡ፣ ሰሜን ላይ ጀርመን ደግፎ ያቆመው የሙሶሊኒ። ሁለቱን እንዳታምታቱብኝ። የአድዋና የማይጨው ጥያቄ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ሙሌ ቄራ፦ ጋሼ፣ ጣሊያን እንዴት ነው የተገለበጠችው? ከመጀመሪያው ብትነግረን።

መልስ፦ ባጭሩ። እንግሊዝና አሜሪካ ሲሲሊ ላይ ወረዱ። ጁላይ 25 ቀን 1943 ንጉሡ ሙሶሊኒን ሽሮ አሰረውና ማርሻል ባዶሊዮን ሾመ። ሴፕቴምበር 3 ካሲቢሌ በምትባል የሲሲሊ ቦታ የተኩስ አቁሙ በድብቅ ተፈረመ። ሴፕቴምበር 8 ማታ ባዶሊዮ በሬዲዮ አሳወቀ። እኛ ጋ ጳጉሜ 3 ቀን 1935 ነበር፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል። ጦሩ ግን ምን እንደሚያደርግ ጥርት ያለ ትእዛዝ አልደረሰውም። ሲነጋ ንጉሡና ባዶሊዮ ሮምን ጥለው ወጡ፣ በመርከብ ብሪንዲዚ ገቡ። ሌላው ወታደር የት እንዳለ እንኳ የጠየቀው የለም። ኦክቶበር 13 ጀርመን ላይ ጦርነት አወጁ።

አዜብ፦ ስለዚህ ጣሊያን ከዚያ በኋላ የእነ እንግሊዝ አጋር ሆነች ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም! ይሄን ስንቴ እንደምደግመው እንጃ። የተሰጣት ስም «አብሮ ተዋጊ» ነው፣ አጋር አይደለም። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ከጎናችን ተዋጋ፣ ሂሳቡን ግን በኋላ እንተሳሰባለን። ጦሩ ስንት ይሁን፣ ምን ይታጠቅ፣ የት ይሰለፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አጋር የሚል ቃል ከዚህ በታች ያየሁበትን ሰው አልመልስለትም።

ንግሥት ከሮም፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ ባዶሊዮ ያ የኛው ባዶሊዮ ነው? አዲስ አበባ የገባው?

መልስ፦ ራሱ ነው እህቴ! እኔም ወደዚህ ነገር የገባሁት በሱ ምክንያት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ የገባ፣ ሰሜን ጦር ግንባር ላይ ሰራዊታችንን በመርዝ ጋዝ ያስጨፈጨፈ፣ «የአዲስ አበባ መስፍን» የሚል ማዕረግ የተሸለመ ሰውዬ። ሰባት ዓመት አልፎት ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ «ነፃ አውጪ» መንግሥት መሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ኢትዮጵያ በ1948 ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ካቀረበቻቸው 10 ስሞች ውስጥ እሱም ግራዚያኒም አሉበት። አንዱም በዚያ ክስ ችሎት አልቆመም። ባዶሊዮ በ1956 አልጋው ላይ ሞተ። የተወለደባት ከተማ እስከ ዛሬ ግራዛኖ ባዶሊዮ ትባላለች።

ግራዚያኒ ደግሞ በሌላው ወገን ነበር፣ የሙሶሊኒ የሰሜኑ መንግሥት መከላከያ ሚኒስትር። በ1950 19 ዓመት ተፈረደበት፣ ወራት ብቻ ቆይቶ ወጣ። የተፈረደበትም ከጀርመን ጋር በማበሩ ነው እንጂ በየካቲት 12 አይደለም። አያችሁ? ሁለቱ የኛ ገዳዮች፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ።

ዘራፍ፦ እኮ! ታዲያ ይሄን የጣሊያን ጦር ለምን እናደንቃለን? ባንዳ ሁሉ እንዲሁ ነው፣ ያሸነፈ ወዳለበት መዞር።

ንግሥት ከሮም፦ ባንዳ ማለት አገሩን ለወራሪ የሸጠ ነው። እነዚህ አገራቸው ውስጥ የገባውን ጀርመን ነው የወጉት። ልዩነት የለውም?

ዘራፍ፦ ጀርመንን ማን ጠራው? ራሳቸው አይደሉ?

አዜብ፦ የ20 ዓመት ልጅ ነው የጠራው? በ1928 እኮ 12 ዓመቱ ነበር።

ዘራፍ፦ አባቱ ግን እኛ አገር ነበር።

መልስ፦ በቃ በቃ። ማድነቅ ያለ ሰው የለም። ሌላ ጥያቄ ካለ።

ሀብቴ፦ እስኪ ስለ ጣሊያን ጦር በደንብ አብራሩልን።

መልስ፦ የቱ ጦር? የቱ ዓመት? ሁለት ጣሊያን ነበር ብዬ ጀመርኩ እኮ። አጥብበህ ጠይቅ ወንድሜ።

ሀብቴ፦ እሺ፣ መጀመሪያ የተዋጉት የት ነው?

መልስ፦ አሁን ጠየቅክ! ሞንቴ ሉንጎ። ከኔፕልስ ወደ ካሲኖ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ራቁት ድንጋያማ ኮረብታ ነው፣ ሳን ፒየትሮ ከምትባል መንደር ፊት ለፊት። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ብሪንዲዚ አካባቢ 5,000 ገደማ ሰው ያለው አንድ ብርጌድ አቋቁመው ነበር፣ አዛዡ ጄኔራል ዳፒኖ። ልብሳቸው ስስ፣ መኪናቸው አሮጌ። ውስጡ አንድ የቤርሳልዬሪ ሻለቃ አለ፣ እነዚያ ላባ የሚሰኩት ቀላል እግረኞች፤ ልጆቹ ገና የመኮንንነት ኮርስ ላይ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው።

ዲሴምበር 8 ጠዋት ከአሜሪካው 36ኛ ክፍለ ጦር ጎን ወጡ። ጭጋጉ ከፊትህ ያለውን ሰው አያሳይም። እነሱም ተሸፍነናል ብለው በዚያው ጭጋግ ወጡ። ጭጋጉ ሲገፈፍ ግን ገላጣው ቁልቁለት ላይ ናቸው፣ የጀርመን መትረየስ ደግሞ ከላይም ከጎንም። ጎናቸው ያሉት ቦታዎች ገና አልተያዙም። በዚያ ቀን ስንት ልጅ እንደረገፈ... ወደ መነሻቸው ተመለሱ።

ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ «ያው ጣሊያን ነው፣ ሸሸ» ይላል። ተሳስታችኋል። የዚያኑ ሰሞን ሳን ፒየትሮን ያጠቁት አሜሪካኖችም አልተሳካላቸውም። ዲሴምበር 16 ጣሊያኖቹ እንደገና ወጡ፤ አሜሪካኖቹ ሌሊቱን በሌላ በኩል ገብተው ነበር። ኮረብታው ተያዘ፣ ጀርመኖችም ሳን ፒየትሮን ለቀው ሄዱ። ዛሬ መንገዱ ዳር የወታደሮቹ መካነ መቃብር አለ።

ሀብቴ፦ ከዚያ በኋላስ?

መልስ፦ ብርጌዱን ጄኔራል ኡቲሊ ተረከበው። ማርች 31 ቀን 1944 የተራራ ወታደሮቹ 1,800 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ሞንቴ ማሮኔን በሌሊት ወጥተው ያዙ። ጀርመን በነሱ ፋሲካ ሌሊት ሊያስለቅቃቸው መጣ፣ አልቻለም። እነ እንግሊዝ ያመኗቸው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው በጋ ፊሎትራኖ ላይ የጣሊያን ፓራሹተኞች ከጄኔራል አንደርስ የፖላንድ ጦር ስር ተዋጉ። ቀጥሎ ስድስት «ተዋጊ ቡድኖች» ተቋቋሙ፦ ክሬሞና፣ ፍሪዩሊ፣ ፎልጎሬ፣ ሌኛኖ፣ ማንቶቫ፣ ፒቼኖ። ማንቶቫ ግንባር ሳይገባ ጦርነቱ አለቀ፣ ፒቼኖ ማሰልጠኛ ሆነ። ፎቶ ስታዩ እንግሊዝ ናቸው ትላላችሁ፤ ዩኒፎርሙ የእንግሊዝ ነው። ግራ ክንዱ ላይ ሦስት ቀለም ጨርቅ፣ ኮሌታው ላይ የጣሊያን ኮከብ ፈልጉ። ኤፕሪል 21 ቀን 1945 ከፖላንዶችና ከአሜሪካኖች ጋር ቦሎኛ ገቡ።

ዮኒ አሽዶድ፦ የአይሁድ ብርጌድም እዚያ ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት። በ1945 ሴኒዮ ወንዝ ላይ የፍሪዩሊ ጎረቤት ነበር።

ኪያ፦ የባህር ኃይሉና አየር ኃይሉስ?

መልስ፦ የኔ ዘርፍ አይደለም። መርከቦቹ ወደ ማልታ ሲሄዱ ሮማ የምትባለውን ትልቋን ጀርመን በሬዲዮ በሚመራ ቦምብ አሰጠማት፣ ሴፕቴምበር 9፣ ከ1,200 ሰው በላይ። አውሮፕላኖቹን ባልካን ላይ ነው ያሰማሯቸው፣ ከሰሜኑ ጣሊያን አብራሪዎች ጋር አየር ላይ እንዳይገናኙ። ሌላውን የሚያውቅ ይጨምርበት።

ጠጄ፦ ወደነሱ ያልተቀላቀለው ወታደርስ?

መልስ፦ 650,000 ያህሉን ጀርመን ማርኮ የጉልበት ሥራ ላይ አዋለ። ኬፋሎኒያ በምትባል የግሪክ ደሴት ላይ እጅ አንሰጥም ብሎ የተዋጋውን የአኲ ክፍለ ጦር እጁን ከሰጠ በኋላ በጅምላ ረሸነው። ሞንቴኔግሮ የነበሩት ደግሞ ጋሪባልዲ የሚል ክፍለ ጦር አቁመው ከዩጎዝላቪያው ቲቶ ሽምቅ ተዋጊዎች ጋር ወገኑ።

ዘራፍ፦ አስካሪዎችስ፣ እነዚያ ለጣሊያን የተዋጉት የቅኝ ግዛት ወታደሮች፣ ነበሩበት?

መልስ፦ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ የነበረው ጦራቸው ኅዳር 18 ቀን 1934 ጎንደር ላይ እጅ ሰጥቷል። ይሄኛው ጦር ሲቋቋም ያ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ዘራፍ፦ አጋር ስለሆኑ ካሳ ሳይከፍሉ ቀሩ አይደል?

መልስ፦ አጋር አልኩህ? አልመልስም ብዬ ነበር፣ ግን ለሌሎቹ ስል፦ በ1947ቱ የፓሪስ ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተፈርዶባቸዋል።

ቢኒ፦ ሰላም ጋሼ፣ አሁን ነው የገባሁት። ጣሊያን ለምንድነው የተገለበጠችው?

መልስ፦ ከላይ።

ጠጄ፦ በቅሎ በቅሎ ስትል ነበር ባለፈው፣ ዛሬ ረሳኸው?

መልስ፦ አልረሳሁም፣ ጠያቂ አጣሁ እንጂ! አፔኒን ተራራ ላይ መኪና አይወጣም። ለአሜሪካኖቹና ለእንግሊዞቹ ጥይትና ምግብ ጫፍ ድረስ ያደርሱ የነበሩት የጣሊያን የበቅሎ ጭነት ጓዶች ናቸው። በሌሊት፣ በጭቃ፣ መብራት ሳይበራ። ሲመለሱ ቁስለኛና ሬሳ ይጭናሉ። ፎቶ አለኝ፣ አንዱ ወታደር ኮቱን አውልቆ ለበቅሎዋ ደርቦላታል፣ እሱ በሸሚዝ ነው። ነገ እለጥፈዋለሁ፣ አሁን ቡናውም አልቋል።