ላይኩ በዝቶ ብሩ ለምን ያንሳል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለበጎ አድራጎት ሥራ በስልክና በኢንተርኔት ገንዘብ ስለማሰባሰብ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ዓባይ ማዶ ይገኛል። ወላጆቻቸውን ላጡ 40 ተማሪዎች ደብተር፣ የደንብ ልብስና ቦርሳ እናሟላለን። ፌስቡክ ላይ የለጠፍነው ጥሪ ከ900 በላይ ላይክ አገኘ፤ ገንዘብ የላኩት ግን 11 ሰዎች ናቸው። ሰው ላይክ አድርጎ የሚያልፈው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የላካችሁልንን ጥሪ አይተነዋል። የሰው ልብ ደንድኗል ብላችሁ አትዘኑ። ሊሰጥ የተነሣውን ሰው መንገድ ላይ የሚያስቀሩ እንቅፋቶች አሉበት፤ አብዛኞቹም በአንድ ከሰዓት ይነሣሉ።

ሒሳብ ቁጥሩን የጻፋችሁት ፎቶው ላይ ነው። ፎቶ ላይ ያለ ቁጥር ጫን ብሎ ኮፒ ማድረግ ለብዙው ሰው አይሆንለትም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ 13 አሃዝ ነው። ሰውየው ማታ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲያይ 13ቱን አሃዝ በቃሉ ይዞ ወደ ባንኩ መተግበሪያ ይሄዳል፤ ስድስተኛው ላይ ይጠፋበታል፤ ይመለሳል። ሁለተኛ ጊዜ ሲሳሳት «ነገ እልካለሁ» ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ቁጥሩን በጽሑፉ ውስጥ ለብቻው መስመር ስጡት፤ በመሃሉ ክፍተትም ሰረዝም አታስገቡ። ከሥሩ የሒሳቡን ባለቤት ስም መተግበሪያው በሚያሳየው አጻጻፍ አስቀምጡ። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ደግሞ የቴሌብርን *127# እና የማኅበሩን ኮድ ጨምሩ፤ ይህ መንገድ ያለ ዳታ ይሠራል።

የሒሳቡ ስም ሌላው ችግር ነው። ሒሳቡ በሊቀመንበራችሁ ስም ነው የተከፈተው። ሰውየው ብሩን ጽፎ «ቀጥል» ሲል መተግበሪያው የአንድ ግለሰብ ስም ያሳየዋል፤ እዚያው ይቆማል፤ ልክም ነው። ማኅበራችሁ የተመዘገበበትን ምስክር ወረቀት፣ ፈራሚዎቹ የተመረጡበትን ቃለ ጉባኤና የፈራሚዎቹን መታወቂያ ይዛችሁ በማኅበሩ ስም ክፈቱ። ወጪ በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ ይሁን። ሒሳቡ እስኪከፈት ድረስ ጥሪውን ብታዘገዩት ይሻላል።

ቀጥሎ «የቻላችሁትን እርዱን» የሚለው ቃል። ደግ ንግግር ነው፤ ነገር ግን የመወሰኑን ሸክም ለሰጪው ይጥላል። የአንድን ልጅ ሙሉ ወጪ ከገበያ ዋጋ ጠይቃችሁ ደምሩና ከፋፍሉት። ለምሳሌ አንድ ልጅ 2,400 ብር ከወሰደ፣ 200 ብር የደብተር፣ 800 ብር የቦርሳ፣ 2,400 ብር የአንድ ልጅ ሙሉ ዓመት ብላችሁ ሦስት ምርጫ አቅርቡ። ከሦስት አታብዙ። ድምሩ ውስጥ የማጓጓዣውንና የባንኩን ወጪ አካቱት። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል እንጂ ጭራሽ አይኑር አይልም። «ሙሉ በሙሉ ለልጆቹ» ብለው ቃል የሚገቡ ማኅበራት በኋላ የባጃጁን ሒሳብ ከየት እንዳመጡ መናገር ያቅታቸዋል። ቁርጥ ቀንም ስጡ፦ «ለ40 ልጆች፣ እስከ ጳጉሜን 3»።

የምትጠቀሙበት የፌስቡክ አካውንትም እንደ ግለሰብ የተከፈተ ነው። ከ5,000 ጓደኛ በላይ አይቀበልም፤ ድርጅትን በግለሰብ አካውንት መወከል የፌስቡክን ደንብ ስለሚጥስ አንድ ቀን ሊዘጋባችሁ ይችላል፤ ማስታወቂያም አያሠራም። ፔጅ፣ ማለትም ለድርጅት የሚሆነውን ገጽ ክፈቱ፤ ጓደኞቻችሁን ጋብዙ፤ የፔጁን ሊንክ አሮጌው አካውንት አናት ላይ ለሦስት ወር ስቀሉት። ፔጁን የሚያስተዳድሩ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ ሁለቱም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ያብሩ። የመጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ አትማችሁ ከማኅበሩ ማኅተም ጋር ቆልፉባቸው። ስልክ ጣና ውስጥ ሲወድቅ የሚያድናችሁ ያ ወረቀት ነው።

ጥሪውን አንድ ጊዜ ለጥፋችሁ አትተዉት። የመጀመሪያው ደመወዝ በሚወጣበት ሰሞን፣ ከ25 እስከ 30 ባለው ቀን ይሁን። ሁለተኛው መሃል ላይ «ከ40ው ልጆች የ23ቱ ተሟልቷል፤ 17 ቀርተዋል» ይበል። ሦስተኛው በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ይውጣ። ሰው ሊሞላ የቀረበ ነገር ሲያይ እጁ ይፈታል።

ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ባንኩ የላኪውን ስም እንጂ ጥሪውን የት እንዳየው አይነግራችሁም። ስለዚህ ፌስቡክ ላይ 201 ብር፣ ቴሌግራም ላይ 202፣ በሬዲዮ 203 ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ አጠጋግቶ 200 ይልካል፤ ቢሆንም የትኛው በር እንደሚያስገባ ከወሩ መጨረሻ ላይ በግልጽ ይታያል።

ጥያቄ፦ ከዘጌ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነን። ለ600 ምእመናን አንድ አጭር የስልክ መልእክት ላክን፤ የ600 መልእክት ሒሳብ ስንጠብቅ የ1,800 መጣብን። ተጭበርብረን ይሆን?

መልስ፦ አልተጭበረበራችሁም፤ ምክንያቱ ፊደላችን ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ግን 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ ስልኩ ይቆራርጠዋል፤ ቁራጮቹ መልሰው እንዲገጣጠሙ የተወሰነ ቦታ ስለሚያዝ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይሆናል። የእናንተ መልእክት ክፍተትና ነጥቡ ተቆጥሮ 148 ነው፤ ሦስት ቁራጭ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ 600፣ 1,800።

በላቲን ፊደል ወደተጻፈ አማርኛ ግን አትሂዱ፤ እናቶችና አባቶች አያነቡትም። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት አራት ነጥብ ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ይልቅ አሳጥሩ፦

«ለዘጌ 40 ተማሪዎች ደብተር። 200 ብር እስከ ጳጉሜን 3። ቴሌብር *127#፣ ኮድ 000000»

ይህች 59 ናት፤ ለማኅበሩ ስም 11 ቦታ ይተርፋታል። ስድስቱ ዜሮዎች ኮዳችሁ የሚገባበት ነው። ቁጥራቸውን ራሳቸው ለሰጧችሁ ሰዎች ብቻ ላኩ፤ ከሌላ ማኅበር የተቀዳ የስልክ ዝርዝር አትጠቀሙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ «አትላኩልኝ» ያለ ሰው ካለም ስሙን በዚያው ቀን ከዝርዝሩ አውጡ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለች እህታችን በጎፈንድሚ፣ በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያው ድረ ገጽ፣ ጥሪ ልትከፍትልን ፈቃደኛ ናት። እኛው ራሳችን ባሕር ዳር ሆነን መክፈት አንችልም? ገንዘቡስ በምን ይድረሰን?

መልስ፦ አትችሉም። ጎፈንድሚ ከፋቹም ገንዘቡ የሚገባበት ባንክም እሱ በሚሠራባቸው አገሮች እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ከእነዚያ ውስጥ የለችም። በቪፒኤን (ያሉበትን አገር በሚሰውር መተግበሪያ) ወይም በሰው ስም ለመክፈት የሚሞክሩ አሉ፤ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ይታገድና ለሰጪዎቹ ይመለሳል፤ ስማችሁም አብሮ ይጎድፋል።

እህታችሁ በራሷ ስም ትክፈት። ገጹ ላይ እሷ ማን እንደሆነች፣ ከማኅበሩ ጋር ያላትን ግንኙነት፣ ገንዘቡን ማን እንደሚያወጣውና በምን መንገድ ባሕር ዳር እንደሚደርስ በግልጽ ትጻፍ። ይህንኑ በእናንተና በእሷ መካከል በፊርማ አስቀምጡት። ዝምድና ስላለ ወረቀት አያስፈልግም ማለት ዝምድናውን ራሱን አደጋ ላይ መጣል ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ከ10 ዶላር 59 ሳንቲም ይሄዳል፤ ከ100 ዶላር 3 ዶላር ከ20። አምስት ሰዎች 10፣ 10 ዶላር ከሚሰጡ ሰብስበው አንዱ 50 ቢልክ ይሻላል። ገጹ ሰጪውን በተጨማሪ ጉርሻ ይጠይቀዋል፤ ያ ለድረ ገጹ እንጂ ለእናንተ አይደርስም፤ ሰጪው ዜሮ ማድረግ እንደሚችል ንገሩት። አሜሪካ ላሉት ሌላም ነገር አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ በግለሰብ ለተከፈተ ጥሪ የሰጡት ከግብር አይቀነስላቸውም፤ ለዚያ እዚያው አገር በ501 ሲ 3 (በበጎ አድራጎት የግብር ደንቡ) የተመዘገበ ድርጅት መካከል መግባት አለበት።

ገንዘቡ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው አስተላላፊ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ይግባ። በሻንጣ ወይም «እዚህ ዶላር ስጪኝ፣ እዚያ ብር እሰጣለሁ» በሚል ሰው አይሁን፤ ደረሰኝ የለውም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ባንኮች ይለያያሉ፤ በሚላክበት ዕለት ሦስት አራቱን ጠይቁ። ከዚያ ስንት ዶላር ተሰበሰበ፣ ስንት ተቆረጠ፣ በስንት ተመነዘረ፣ ስንት ብር ገባ የሚለውን በአራት መስመር አውጡት። ሐሜት የሚበቅለው በዶላሩና በብሩ መካከል ነው።

የምትለጥፉበትን ሰዓትም አስተካክሉ። ዋሽንግተን አካባቢ በፈረንጅ አቆጣጠር ቅዳሜ ከምሽቱ 8 ሰዓት ማለት ለእኛ የእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ ደግሞ 10 ሰዓት። ማንም ለዚህ ብሎ ከእንቅልፉ አይነሣ፤ ጽሑፉ በሰዓቱ ራሱ እንዲወጣ ፔጁ ላይ ቀጠሮ ያዙለት።

ጥያቄ፦ በእኛ ስምና ፎቶ ሌላ ፔጅ ተከፍቶ የራሱን ሒሳብ ቁጥር እየለጠፈ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የሐሰቱን ፔጅ ሊንክ፣ ስክሪንሾትና ሒሳብ ቁጥሩን ያዙ፤ ከተጠፋ በኋላ ማስረጃ አይገኝም። ሒሳቡ ያለበትን ባንክ በደብዳቤ አሳውቁ፤ ለፖሊስም አመልክቱ። ፌስቡክ ላይ ደጋፊዎቻችሁ «ሌላን ማስመሰል» የሚለውን ምክንያት መርጠው ሪፖርት ያድርጉ። በራሳችሁ ፔጅ አናት ላይ «ሒሳባችን ይህ ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ ስቀሉ፤ የሐሰቱን ቁጥር ግን አትድገሙት፤ በችኮላ የሚያነብ ሰው ወደዚያው ይልካል።

ሌላ ዓይነት ማጭበርበርም አለ። «በስሕተት 20,000 ብር ላክሁ፣ 18,000 መልሱልኝ» የሚል መልእክት ከደረሰኝ ፎቶ ጋር ይመጣል። ፎቶው የተሠራ ነው። በኤፍቲ (FT) የሚጀምረውን የንግድ ባንክ የግብይት ቁጥር ከሒሳብ መግለጫችሁ ጋር አመሳክሩ፤ ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢሆን እንኳ መልሱ በባንኩ በኩል፣ ወደመጣበት ሒሳብ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ እንቦጭ የምንነቅል ወጣቶች ነን። ጀልባ ላይ የምንቀርጸው ቪዲዮ ድምፁ አይሰማም፤ ፊታችንም ይጠቁራል።

መልስ፦ ነፋሱ ከሰዓት ስለሚበረታ ጠዋት ቅረጹ፤ ሞተሩን አጥፉ። የስልኩን የጆሮ ማዳመጫ ማይክ ከነጠላ ወይም ከልብስ ሥር አስገቡት፤ ስስ ጨርቅ ነፋሱን ይሰብራል። ፀሐይዋ ከቀራጩ ጀርባ ትሁን፤ ውሃው ስለሚያንጸባርቅ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ቆልፉ። ስልኩን አቁማችሁ ያዙ፤ ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ ንግግሩን በጽሑፍ አስፍሩ፤ ጽሑፉ ግን ከታችና ከቀኝ አይሁን፤ ቲክቶክ እዚያ ላይ ምልክቶቹን ይደርባል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች አርማ ሳይሆን ከውሃ የሚወጣ እንቦጭ ይታይ።

በፊትና በኋላ ማሳየት ከፈለጋችሁ ዳርቻው ላይ እንጨት ትከሉና ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት አንሡ። የተነቀለው የሚጣልበትም ይታይ። እንቦጩን ከ2004 ጀምሮ ጣና ላይ ሲታገሉት የኖሩ ሰዎች ቪዲዮውን ያዩታል፤ ውሃው አፋፍ ላይ የተከመረ ከሆነ ክረምት ሲሞላ ተመልሶ እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ገንዘባቸውንም አይሰጡም። ልጆች በምስሉ ካሉ የአሳዳጊ የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፋይል ሲላክ የተነሣበት ቦታ መረጃ አብሮት ሊሄድ ስለሚችል ከመላካችሁ በፊት የካሜራውን የቦታ ምልክት አጥፉ።

ጥያቄ፦ የሰጡትን ሰዎች ስም ከነብራቸው ብንለጥፍ ሌላውን አያነሣሣም?

መልስ፦ አንዳንዱን ያነሣሣል፤ ብዙውን ያሸሻል። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ይዞ የሚሰጥ አለ፤ ሰደቃውን ሰውሮ የሚሰጥም አለ። 50 ብር የሰጠችው እናት ስሟ ከ50,000 ሥር ሲጻፍ ሁለተኛ አትመጣም። ፈቃድ ጠይቁ፤ መልስ ካልመጣ ስም የለም ማለት ነው።

ስም ሳይወጣ መተማመን የሚፈጥር ዘዴ አለ፦ የግብይት ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ምልክቶችና ብሩን ብቻ በየሳምንቱ ለጥፉ። ሰጪው ደረሰኙን አውጥቶ ራሱን ያገኛል፤ ሌላው ማን እንደሆነ አያውቅም። ምስጋናውን በ24 ሰዓት ውስጥ ለብቻው ላኩ፤ ገንዘቡ የገዛውን ነገር ፎቶና የግዢውን ደረሰኝ ደግሞ በወር ውስጥ አስከትሉ። በዚያ ሁለተኛ መልእክት ላይ ሒሳብ ቁጥር አትጻፉ።