ስልክ እንጨቱን ሪንግ ሥር አትትከሉት

ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣሁ ከጎኔ የተቀመጡ አራት ወጣቶች ስለ ቅርጫት ኳስ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። አንዱ “አሁን ዘመኑ የአጭር ነው፣ ረጅም ሴንተር አልቆለታል” ይላል። ሴንተር የሚሉት ከሪንጉ (ከቅርጫቱ) ሥር የሚጫወተውን ሰው ነው። ሌላው ስልኩን አውጥቶ የዴንቨሩን ረጅም ሴንተር ዮኪችን እያሳየ “እና ይሄን ምን ልትለው ነው?” ይለዋል። መሃል ልገባ አሰብኩና ሽማግሌ ሲገባበት ጨዋታ ይበርዳል ብዬ ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሠላሳ ዓመት ስፖርት ያስተማርኩ፣ ድሬ ላይ የተማሪ ቅርጫት ኳስ ቡድን ያሠለጠንኩ ሰው ነኝና ይሄ ክርክር የራሴን ጉድ ነው ያስታወሰኝ። ወደ ጉዱ እመጣለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ “አጭር ያሸንፋል” ያለው ልጅ ከሜዳ ተነስቶ አይደለም የተናገረው። በ2015 የኤንቢኤ (የአሜሪካው ትልቁ ሊግ) ፍጻሜ ክሊቭላንድ ጎልደን ስቴትን 2 ለ 1 እየመራው ነበር። የጎልደን ስቴት አሠልጣኝ ስቲቭ ኬር አራተኛው ጨዋታ ላይ 2 ሜትር ከ13 የሆነውን ሴንተሩን ቦጉትን ከቋሚ አሰላለፍ አውጥቶ ኢጉዳላን አስገባ። መሃል ላይ 1 ሜትር ከ98 የሆነው ድሬይመንድ ግሪን ቆመ። ከዚያ በኋላ ሦስቱንም ጨዋታ አከታትለው አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ፣ ኢጉዳላም የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ሐሳቡን ያመጣው ታዋቂ ሰው እንዳይመስላችሁ። ኒክ ዩሬን የሚባል ወጣት ረዳት የዓመት በፊቱን ፍጻሜ ቪዲዮ ደጋግሞ ሲያይ ነው የመጣለት። ኬር ደግሞ ጋዜጠኞቹን አሰላለፉ አይለወጥም ብሎ ሸውዷቸው ነበር፣ በኋላ ራሱ አምኗል።

ለምን ሠራ? ሒሳቡ ቀላል ነው። ከሩቅ የገባ ሦስት ነጥብ፣ ከቅርብ የገባ ሁለት ነጥብ ነው። ከሩቅ 100 ጊዜ ወርውሮ 36 የሚያስገባ ሰው 108 ነጥብ ያገኛል። ከቅርብ 100 ጊዜ ወርውሮ 50 የሚያስገባው 100 ላይ ይቀራል። አምስቱም ከሩቅ መወርወር ወይም ማቀበል የሚችሉ ከሆነ የባላጋራው ረጅም ሰው ሪንጉን ትቶ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ወጣ ማለት ደግሞ ቤቱን ክፍት ጥሎ ሄደ ማለት ነው። ኤንቢኤ የሦስት ነጥብ መስመሩን ያሰመረው በ1979 ነው፣ ሒሳቡ ግን ለአሠልጣኞች በደንብ የገባቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኔማ ጡረታ ልወጣ ስል ነው የገባኝ።

አሁን ወደ ሌላኛው ልጅ እንምጣ። ሂውስተን በ2020 ሴንተሩን ካፔላን ሸጦ 1 ሜትር ከ96 የሆነውን ፒ ጄ ታከርን መሃል አቆመ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሌከርስ 4 ለ 1 አሰናበተው፣ ሌከርስም በአንቶኒ ዴቪስና በሌብሮን ዋንጫውን በላ። በቀጣዩ ዓመት ያኒስ በመጨረሻው ጨዋታ ብቻውን 50 ነጥብ አስቆጥሮ ሚልዋኪን ባለ ዋንጫ አደረገ። በ2023 ደግሞ ዮኪች ዴንቨርን የመጀመሪያ ዋንጫዋን አስጨበጣት። ከ2019 እስከ 2024 የሊጉ ኮከብ የተባሉት ያኒስ፣ ዮኪችና ኤምቢድ ብቻ ናቸው። ሦስቱም ከ2 ሜትር ከ10 አያንሱም። “አልቆለታል” የተባለው ረጅም ሰው ይሄ ነው እንግዲህ።

ታዲያ ማን ረታ? ቆይ፣ አትቸኩሉ። ያ ረጅሙ ሌከርስ የፍጻሜውን የመጨረሻ ጨዋታ ሲጀምር ረጅሙን ሆዋርድን አስቀምጦ አጭሩን ካሩሶን ነው ያስገባው፣ አጥሮ ጨረሰ በሉት። ኦክላሆማ ደግሞ የ2025ን ፍጻሜ በአጭር አሰላለፍ ጀምሮ ከሦስቱ ሁለቱን ሲሸነፍ አራተኛው ላይ ረጅሙን ሃርተንስታይንን መልሶ በሰባተኛው ጨዋታ ዋንጫውን ወሰደ። እና ደግሞ “አጭር” የምትሉት ግሪን እኛ ሰፈር ቢመጣ ባጃጅ ውስጥ ለመግባት ሁለት መታጠፍ አለበት። የሰውየው ጉልበት ማጠሩ አይደለም። ሴንተር ይይዛል፣ ኳስ አንጥሮ ይወጣል፣ ከሩቅ በሚወረውረው ጓደኛው በከሪ ላይ ሁለት ሰው ሲረባረብ ኳሷን ተቀብሎ ለክፍቱ ያቀብላል። ዮኪችን ደግሞ እዩት፣ ሲዘል እግሩ ከመሬት የሚነሳ አይመስልም፣ በ2014 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ 41ኛ ነው የወጣው። ግን ኳስ እንደሚያደራጀው አጭር ተጫዋች፣ እንደ ጋርድ ያቀብላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና እዩ። አንዱ የረጅሙን ሥራ የተማረ አጭር ነው፣ ሌላው የአጭሩን ሥራ የተማረ ረጅም ነው።

አሁን ጉዴን ልንገራችሁ። አንድ አሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ፣ 1 ሜትር ከ95 ገደማ፣ ቀውላላ፣ ሰፈሩ “ስልክ እንጨት” የሚለው። ሳየው ምራቄን ዋጥኩ። ሪንግ ሥር ተከልኩት። “ኳስ ስትይዝ እንዳታነጥር፣ ወይ አግባ ወይ ስጥ” አልኩት። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ኳሷን ይዞ ወደ ግማሽ ሜዳ ሲሮጥ ፊሽካ ነፍቼ በጓደኞቹ ፊት ተቆጣሁት። ደግሞም ሳቁበት። ከዚያ ቀን በኋላ ኳስ እጁ ሲገባ እንደ ጋለ ድስት ነበር የሚወረውራት። ሁለት ዓመት እንዲህ አሳለፍን፣ አሸነፍንም። የማሸንፈው እኔ ነበርኩ ማለት ይሻላል።

ትምህርቱን ሲጨርስ አዲስ አበባ አንድ ክለብ ለሙከራ ጠራው። እዚያ 1 ሜትር ከ95 ሴንተር አይደለም፣ ከእሱ የሚረዝም ሞልቷል። ክንፍ ላይ አቁመው “አንጥረህ ግባ” አሉት። ሦስት ጊዜ ኳስ ተቀማ፣ በሁለተኛው ቀን አሰናበቱት። ድሬ ሲመለስ ቤቴ መጣ። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ነበር፣ ስኒውን በእነዚያ ረጃጅም ጣቶቹ እያዞረ ብዙ ቆየና “ጋሼ፣ ግን ለምን ማንጠር አላስተማሩኝም?” አለኝ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ምን ልበለው? ቅዳሜ ጨዋታ ስለነበረኝ ነዋ።

ማኑት ቦል የሚባል የደቡብ ሱዳን ሰው ነበር፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ 2 ሜትር ከ31። አንድ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ 1 ሜትር ከ60 ከሆነው ከመግሲ ቦግስ ጋር አብረው ተጫውተዋል፣ ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ትስቃላችሁ። ይህ ሰው በ1993 ፊኒክስ ላይ በግማሽ ጨዋታ 6 ባለ ሦስት ነጥብ አስገብቷል። እኔ አሠልጣኙ ብሆን ኖሮ አንደኛውን ሳይወረውር ፊሽካ እነፋበት ነበር።

ስለዚህ ረጃጅሞቹ ስሙኝ። በግራ እጃችሁ እያነጠራችሁ ሂዱ፣ ዳቦ ስትላኩም ጭምር። አሠልጣኛችሁ ከሪንግ ሥር አትውጣ ካላችሁ ጨዋታ ላይ እሺ በሉት፣ ከልምምድ በኋላ ግን ሜዳው የእናንተ ነው። አጫጭሮቹም ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ) የዝላይ ብቻ አይምሰላችሁ። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ ትከሻዬ ጋ አትደርስም፣ ኳስ ሲወረወር ወደ ላይ አንጋጣ አታይም። መጀመሪያ ባላጋራዋን ፈልጋ መቀመጫዋን ሆዷ ላይ ትለጥፍና ጉልበቷን አጥፋ ወደ ኋላ ትገፋታለች። ረጅሟ እጇን ዘርግታ ስትንጠራራ ኳሷ መሬት ነጥራ ለእኛዋ ትደርሳታለች። ይሄን እኔ አላስተማርኳትም፣ ከወንድሞቿ ጋር ደቻቱ አሸዋ ላይ ስትታገል ያመጣችው ነው።

ከሰዓት በኋላ እንደምታውቁት የድሬ ሲሚንቶ ጫማ ያቀልጣል። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሜዳ ነኝ፣ ከፀሐዩ በፊት ኑ። ሁለት ኳስ አለኝ። አንዱ ተልጧል፣ ሲነጥርም አቅጣጫውን ይስታል። እሱን የሚይዘው ረጅሙ ልጅ ነው።