አሮጌ ዎርክስቴሽን ላይ ሊኑክስ መጫን፦ ጥያቄና መልስ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (ቦርዱ ላይ ያለ የደኅንነት ቺፕ) እና አዲስ ፕሮሰሰር ካልሆነ አልጫንም ይላል። በዚህ ምክንያት እንደ ኤችፒ ዜድ 420 ያሉ ዎርክስቴሽኖች (ለከባድ ሥራ የተሠሩ ጠንካራ ማሽኖች) ጥግ ሲጣሉ እያየሁ ነው፤ ያናድደኛል። ዜድ 420 በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ዚዮን ፕሮሰሰር ያለውና እስከ 64 ጊጋ ራም የሚይዝ ማሽን ነው። ቀን ከሌት እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። እነዚህ ላይ ሊኑክስን (ነፃውን የዊንዶውስ ምትክ) ስለመጫን የጠየቃችሁኝን ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ዜድ 420 ገዛሁ፤ ራሙ 16 ጊጋ ነው። የትኛውን ሊኑክስ ልጫን?

ለሊኑክስ አዲስ ከሆንክ ሚንት 22ን ጫን። መሠረቱ ኡቡንቱ 24.04 ስለሆነ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል። እኔ ለሥራ ማሽን የምመርጠው ግን ዴቢያንን ነው። ብዙ አይለዋወጥም፤ ከዴቢያን 12 ወዲህ ደግሞ ፈርምዌሮቹ (እንደ ዋይፋይ ያሉ ክፍሎች እንዲሠሩ የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ከመጫኛው ጋር አብረው ይመጣሉ።

ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10ን ግን አትሞክር። ኤቪኤክስ 2 የሚባል የትዕዛዝ ስብስብ ያለው ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ የዜድ 420 ዚዮኖች፣ ቪ2 የሚባሉትም ጭምር፣ ይህ የላቸውም። የግድ ከዚያ ቤተሰብ ከፈለግክ አልማ ሊኑክስ 10 ለእንደዚህ ዓይነት ፕሮሰሰሮች ለብቻው ያዘጋጀው ቅጂ አለ።

መጫኛው ከፍላሽ ይነሳል፤ ዲስኩን ግን አያየውም። ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አይደለም፤ ዲስክ ለመግዛት አትቸኩይ። መጀመሪያ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው የቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ግቢ፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10 ነው። የሳታ (ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት) አሠራሩ ሬይድ (ዲስኮችን የሚያጣምረው) ላይ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ (ዲስኩን በቀጥታ ወደሚያሳየው) ቀይሪው። ዎርክስቴሽኖች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት ሬይድ ላይ ሆነው ነው። ዊንዶውሱን ማቆየት ከፈለግሽ ግን ተጠንቀቂ፤ ይህን ከቀየርሽ በኋላ ዊንዶውስ ላይነሳ ይችላል። ፋይሎችሽን ቀድመሽ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ።

መጫኑ ያለችግር አለቀ። ሪስታርት ሳደርገው ግን "ቡት የሚደረግ ዲስክ የለም" ይለኛል። ሦስቴ ጫንኩት፣ ያው ነው።

በጣም የተለመደ ችግር ነው። አራተኛ ጊዜ መጫንም አይፈታውም፤ መንስኤውን እንይ።

የዚያ ዘመን ማሽኖች ሁለት የመነሻ መንገድ አላቸው፤ አንዱ የድሮው ሌጋሲ፣ ሌላው አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ዜድ 420 ላይ ኤፍ 9 ስትጫን ያው አንድ ፍላሽ ሁለት ቦታ ተጽፎ ታየዋለህ፤ አንዴ በዩኢኤፍአይ፣ አንዴ በሌጋሲ ሥር። በየትኛው እንደገባህ ሊኑክሱም በዚያው መንገድ ይጫናል። ፍላሹን በሌጋሲ አስነስተህ ባዮሱ ዲስኩን በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚፈልግ ከሆነ፣ ሁሉም ነገር በትክክል ተጭኖም አይነሳም። ስለዚህ አንዱን ምረጥ፣ ባዮሱንም ፍላሹንም በዚያው አድርግ። ዜድ 420 ላይ እኔ ዩኢኤፍአይን እመርጣለሁ። ከእሱ በፊት የነበሩት ዜድ 400 እና ዜድ 600 ግን ያላቸው ሌጋሲ ብቻ ነው።

መንገዱ ተስተካክሎም እምቢ ካለ ሁለተኛ ምክንያት አለ። አንዳንድ የዚያን ጊዜ ባዮሶች ግረብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚያስመዘግበውን መነሻ ችላ ብለው ለፍላሽ የተለመደውን ቦታ ብቻ ይፈልጋሉ። ዴቢያንን በኤክስፐርት ምርጫ ስትጭን መጨረሻ ላይ ግረብን በተነቃይ ዲስክ መንገድ ላይም ልጫን ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። አዎ በለው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ማሽኑን የሚሸጠው ይህችን ጥያቄ ሳያያት ነው።

የስክሪን ካርዱ የኤንቪዲያ ኳድሮ ነው። ሚንትን ሳስነሳ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል።

ፍላሹ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር "ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ" የሚለውን ምረጥ። ከተጫነ በኋላ ጉዳዩ በካርዱ ዕድሜ ይወሰናል። ኳድሮ 2000 እና 4000 የኤንቪዲያን 390 ድራይቨር፣ ኬ2000 እና ኬ4000 ደግሞ 470ን ነው የሚፈልጉት። ኤንቪዲያ ሁለቱንም ማሻሻል አቁሟል። ለቢሮ ሥራና ለቪዲዮ ማየት ከሊኑክሱ ጋር የሚመጣው ኑቮ የሚባለው ነፃ ድራይቨር ይበቃል። በብሌንደር (የ3ዲ ሥዕል ፕሮግራም) ከባድ ሥራ የምትሠራ ከሆነ ግን ከድራይቨሩ ጋር አትታገል፤ ካርዱን ቀይር።

ዋይፋይ የለውም፣ ኬብልም እኔ ጋ አይደርስም።

ስልክህን በዩኤስቢ ኬብል ሰካውና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማካፈያ) አብራ። ሊኑክስ ያለምንም ድራይቨር ያውቀዋል። ዳታህን ግን ተጠንቀቅ፤ የመጀመሪያው ማሻሻያ ብዙ ይበላል።

ማሻሻያ ሳዝዘው ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም ይለኛል።

የማሽኑ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ አልቃለች፤ ቀይራትና ሰዓቱን አስተካክል።

እህቴ ከአሜሪካ አሮጌ ዴል ዎርክስቴሽን ላከችልኝ። በቀጥታ ልሰካው?

ቆይ! መጀመሪያ የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ አንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ሰካው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ካለው ግን ወደ 230 አዙረው። 115 ላይ እንዳለ የእኛ 220 ከገባበት ይቃጠላል።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ ይሠራል?

ፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ቀጥታ አይሠራልዎትም። በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው) የሚሞክሩ አሉ፤ የድርጅት ሒሳብ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሙከራ አልመክርም። የተሻለው መንገድ ሊኑክሱ ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን (በፕሮግራም በተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር) ዊንዶውስ መጫን ነው። ዚዮን ለዚህ የተመቸ ነው፤ ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መብራቱን ብቻ ያረጋግጡ። 16 ጊጋ ራም ካለው ለዊንዶውሱ 8 ጊጋ ቢሰጡት ለሊኑክሱም ይተርፋል። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ግን ድጋፉ ስላበቃ ኢንተርኔቱን ይዝጉበት። አውቶካድን የጠየቃችሁኝ መሐንዲሶች፣ ለእናንተ ዊንዶውስን ሌላ ዲስክ ላይ ለብቻው ማስቀመጥ ይሻላል።

ትንሽ ብር አለኝ። ራም ልጨምር ወይስ ኤስኤስዲ ልግዛ?

ኤስኤስዲ፣ ያለጥርጥር። ግን የሳታውን ግዛ፤ ዜድ 420 ከኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ አዲስ የኤስኤስዲ ዓይነት) አይነሳም። ቦርዱ ላይ ካሉት የሳታ ማስገቢያዎች ሁለቱ ባለ 6 ጊጋ ቢት፣ ሌሎቹ ባለ 3 ናቸው። ኤስኤስዲውን ባለ 6ቱ ላይ ሰካው። ራም የምትገዛበት ቀን ሲመጣ የድሮውን አውጥተህ ጽሑፉን እያየህ ግዛ። ሬጅስተርድ የሚባለው የራም ዓይነትና አንበፈርድ የሚባለው አብረው አይሠሩም፤ ማሽኑ ቢፕ ቢፕ እያለ ይቆማል።

አማርኛ እንዴት እጽፋለሁ?

አይባስ ኤም 17 ኤን (ibus-m17n) የሚባለውን የመጻፊያ ጥቅል ጫኚ። ከዚያ ከአይባስ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን ጨምሪ። ሰላም የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን እየተከተልሽ ስትጽፊ ወደ ግዕዝ ይቀይርልሻል። ለፎንት ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይበቃሻል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።