ማን እያባረረህ ነው?

ባለፈው ስለ ጫካ ሩጫ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄ ጎረፈብኝ። የቻልኩትን ልመልስ።

ለጭቃና ለዳገት የተሠራ ልዩ ጫማ የግድ ያስፈልጋል ወይ ላልከኝ፦ አያስፈልግም። ሶሉ ያላለቀ ጫማ ካለህ ውጣ። ክረምት ላይ የባህር ዛፍ ልጣጭ አንዴ ሲያንሸራትትህ ያኔ ትገዛለህ።

ከዋሽንግተን መጥቶ በማግስቱ እንጦጦ ላይ ሊሮጥ ያሰበ ወንድማችን አለ። «ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነው» ይላል። ደምህ መታወቂያ አያይም ወንድሜ። አዲስ አበባ ራሷ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት 3,000ን ያልፋል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ዋሽንግተን ከለመድከው በሦስት አሥረኛ ገደማ ያንሳል። መጀመሪያ ሦስት አራት ቀን ከተማ ውስጥ ተራመድ፣ ዘመድ ጠይቅ፣ ክትፎህን ብላ። ስትወጣ ራስህን ካመመህና ካቅለሸለሸህ ውረድ።

የ48 ዓመቱ አንባቢ ዳገት ላይ ደረታቸውን ጨምቆ ይይዛቸዋል፤ ሲቆሙ ይለቃቸዋል። «ጋዝ ይሆን? ነጭ ሽንኩርት ብበላ ይተወኛል?» ይላሉ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋዝ ሊሆን ይችላል። የልብ ደም ሥር መጥበብም ሊሆን ይችላል፤ ጉልበት ሲያወጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ ሕመም ሁነኛ ምልክቱ ነው። በግምት እርስዎም እኔም አንለየውም። ሩጫውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሳምንቱ ሳያልቅ የልብ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ዳገት ላይ እንደሚይዝዎ ይንገሩ፤ አልጋ ላይ ጋደም ብለው የተነሱት ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ብቻውን ላያሳየው ይችላል። ተቀምጠው ሳለ ከመጣ ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ ቀጠሮ የለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ነጭ ሽንኩርቱን በኋላ ይበሉታል።

ከወለድሽ አምስት ወር የሆነሽ እህት፣ ልክ ነሽ፤ ደራርቱ ወልዳ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቅ ወስዳለች። ግን ደራርቱ ናት። አንቺ በእርምጃ ጀምሪ፣ ሐኪምሽንም አንዴ ጠይቂ።

አሁን ወደ መምህሩ ልምጣ። 34 ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጡ። «ጠዋት ስነሳ የሚጠብቀኝ ክፍል የለም» ይላሉ። ሶምሶማ ከጀመሩ ወዲህ ስኳራቸው ወርዷል፣ እንቅልፋቸው ተመልሷል። ባለቤታቸው ግን «ማን እያባረረህ ነው?» ይሏቸዋል። መልስ አጡ።

መምህር፣ እኔንም ጠይቀውኛል። ከመሥሪያ ቤት ስሰናበት 46 ዓመቴ ነበር። ስድስት ወር ጋቢ ተከናንቤ ከረምኩ። ጎረቤቴ ጎትቶ እንጦጦ አወጣኝ። የመጀመሪያ ቀን ሩጫዬ ከአንዱ ባህር ዛፍ እስከ ሌላው ነበር። በማግስቱ ያስነሳኝ ጤና እንዳይመስልዎት። 12 ሰዓት ላይ አምስት ሰው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ከዘገየሁ ስልኬ ይጮሃል።

አትሌቶቻችን ጫካ ውስጥ እንዴት እንደሚሮጡ አይተው ይሆናል። በሰልፍ፣ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን ዱካ እየተከተለ። እኛም እንደ አቅማችን እንደዚያው ነን። ከፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያሳያል። ተራዬ ደርሶ ፊት ስሆን የኋላው ሰው ቁርጭምጭሚት የኔ ኃላፊነት ነው። ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ለሰው ያስፈለግኩት ያን ጊዜ ነው። ለባለቤትዎ ይህን ይንገሩ። ቅዳሜም እስከ ዳገቱ ሥር በእርምጃ ይዘዋቸው ይምጡ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ያን መንገድ የረገጡት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ናቸው፤ እኛ ትናንት የመጣን ነን። ሰዓቱን እያየ «ዞር በሉ!» የሚል ጎረምሳ አያለሁ። ዞር የሚለው እሱ ነው።

መምህር፣ ስኳርዎ ወረደ ብለው ደግሞ መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ። መጠኑን ሐኪምዎ ይየው። ኢንሱሊን ከሆነ ኪስዎ ከረሜላ አይጣ።

በመጨረሻ ጅብ። አዎ፣ ያጋጥማል። ሳይነጋ ብቻችሁን አትውጡ። እኛ ሁለት ጊዜ አግኝተነዋል፤ ቆሞ አየን፣ በፍጥነታችን አልተደነቀም፣ መንገዱን ቀጠለ።