የእስር መዝገብ ለምልምል ፖሊስ ምን ያስተምራል?

ጥያቄ፦ ልጄ በሜሪላንድ ግዛት የፖሊስነት ሥልጠና ላይ ነው። የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የት እንደሚበዛ ኮምፒውተር ከብዙ ሺህ መዝገቦች ለይቶ እንደሚያወጣና ሥልጠናውም በዚህ ሊመራ እንደሚገባ ይነግረኛል። እኔ ግን ስደተኛ የሚኖርበት ሰፈር ሁሉ በወንጀል እንዳይፈረጅ ሠጋሁ። ሥጋቴ መሠረት አለው?
አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አዎን፣ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ክሪስቲያን ለምና ዊልያም አይዛክ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ብዙ ሐበሾች በሚኖሩባት በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ፖሊስ በ2010 የመዘገባቸውን የዕፅ ወንጀሎች በወንጀል መተንበያ ፕሮግራም አስልተው፣ ውጤቱን በጤና ጥናት ላይ ከተመሠረተ የተጠቃሚዎች ግምት ጋር አመሳከሩት። በግምቱ መሠረት ተጠቃሚዎቹ በከተማዋ ሁሉ ተሰራጭተው ሳለ፣ እስሩ ግን በምዕራብ ኦክላንድና በኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ ዙሪያ፣ ነጭ ያልሆኑና አነስተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች በሚበዙባቸው ሰፈሮች ተከማችቶ ከሌላው አካባቢ 200 እጥፍ ያህል ይበልጥ ነበር። ፕሮግራሙም ፖሊስን መልሶ ወደዚያው የሚልክ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ ከወንጀሉ ጠባይ ይመነጫል። የተዘረፈ ሰው ለፖሊስ ያመለክታል፤ በቤቱ ተቀምጦ ዕፅ በሚወስድ ሰው ላይ ግን ከሳሽ አይመጣም። ስለዚህ የእስር መዝገብ የሚያሳየው፣ ከዕፁ ይልቅ ፖሊስ የተዘዋወረበትን መንገድ ነው። ምልምል ፖሊስ ካርታ ከማንበቡ በፊት ይህን ሊማር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ አለዚያ የቀደሙት ባልደረቦቹ ልማድ እንደ ሳይንስ ሆኖ ይወርሰዋል።

የተሻለ መረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተንና ባልቲሞር አካባቢ የተጀመረው ኦዲማፕ የተባለው ሥርዓት፣ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ የወደቀ ሰው የት፣ መቼ እንደተገኘ፣ መትረፍ አለመትረፉንና እንደ ሄሮይን ያለውን ዕፅ ኃይል ለጊዜው የሚያከሽፈው ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት ተሰጥቶት እንደሆነ ይመዘግባል። ከዚህ የሚነሣ ሥልጠና ሕይወት ማዳንን ያስቀድማል፤ ለምሳሌ የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ሊቆይ ስለሚችል፣ የነቃውን ሰው ብቻውን ትቶ መሄድ እንደማይገባ።

ይህም መዝገብ ቢሆን ለእርዳታ ያልተደወለበትን ቤት አያውቅም። በተለይ ስደተኛው እስርን ፈርቶ ስልክ ከማንሣት ይቆጠባል። የሜሪላንድ ሕግ ግን እርዳታ የጠራውንም የታመመውንም ከተወሰኑ የዕፅ ክሶች ይጠብቃል። ልጅዎ ይህን ሕግ በክፍል ውስጥ ተምሮት እንደሆነ ይጠይቁት፤ እርስዎም በቤተ ክርስቲያንና በዕድር ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ያሰሙልን።