መልስ፦ ከሳይክሉ በፊት የእግረኛው ይቅደም

እህቴ፣ አዲስ አበባ ሰፈራችሁ ውስጥ መንገድ ሊሠራ እንደሆነ ገልጸሽ፣ «የሳይክል መንገድ ብቻ ብንጠይቅ ለነዋሪው ጤና ይበቃል ወይ?» ብለሻል። በእኔ እምነት አይበቃም። ከከተማዋ ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር የሚደረግ ነው። ታክሲ የሚይዘውም ሰው ፌርማታው ድረስ በእግሩ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ በእግረኛ መንገዱ ስፋት ላይ አትደራደሩ። ቢያንስ 2 ሜትር ክፍት ይሁን። ክፍት ስል የመብራት ምሰሶ፣ ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ ወይም የቆመ መኪና የሌለበት ማለቴ ነው። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው አስፋልት ላይ መውረድ የለበትም። ጉሊት የሚሸጡ እናቶች ግን አይነሱ፤ ጠርዙ ላይ ቦታ ይሰጣቸው። እነሱ ካሉ መንገዱ ሲመሽም ጭር አይልም፣ ሴቶችም ሳይፈሩ ይሄዳሉ።

ቀጥሎ ፍጥነት ነው። ሰፈር ውስጥ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ምልክት መትከል ብቻውን ሹፌር አያስቆምም። ጉብታና ከፍ ያለ ዜብራ ጠይቁ፣ በተለይ ትምህርት ቤት በር ላይ።

ሳይክሉም አይቅር። በቀለም ብቻ ከተሰመረ ግን ወዲያው ፓርኪንግ ይሆናል፤ በጠርዝ ድንጋይ ይለይ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ገበያውና ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስባቸው ከሆኑ ይህ ያለ ጂም ይሞላል። ስለ መንገዱ ስትወያዩ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገውን የሞተር አልባ ትራንስፖርት (የእግርና የሳይክል ጉዞ) ስትራቴጂ ይዛችሁ ግቡ።