ብርሃን የሚያፈርሰው የብረት ማዳበሪያ

በባቱ አካባቢ ጽጌረዳ በሚመረትበት ግሪንሃውስ የመስኖ ኃላፊ የሆኑ አንባቢ የሚከተለውን ጽፈዋል፦ የለጋ ቅጠሎቹ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ ይሆናል፤ በዲቲፒኤ የተያዘውን የብረት ማዳበሪያ በእጥፍ ቢጨምሩም ለውጥ አላዩም፤ ማዳበሪያው በሚበጠበጥበት ነጭ ሮቶ ሥርም ቀይ ቡናማ ዝቃጭ እየተጠራቀመ የጠብታ መስኖውን ቀዳዳዎች ይደፍናል።

ቢጫነቱ ከለጋው ቅጠል መጀመሩ የብረት እጥረት መሆኑን ያመለክታል፤ ከአሮጌው ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ማግኒዚየምን እጠረጥር ነበር። ማዳበሪያው ግን ተክሉ ዘንድ ሳይደርስ እዚያው ሮቶው ውስጥ እየተበላሸ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ነጭ ፕላስቲክ ብርሃን ያሳልፋል። ዲቲፒኤ ብረቱን ከብቦ በመያዝ እንዳይዘቅጥ የሚጠብቅ ተሸካሚ ነው። ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ከተሸካሚው አንድ ኤሌክትሮን ወደ ብረቱ ይሻገራል፤ ባለ 3 ቻርጅ የነበረው ብረት ባለ 2 ይሆናል፤ ኤሌክትሮኑን ያጣው ተሸካሚም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ይፈራርሳል። በውሃው የሟሟው ኦክስጅን ብረቱን ወደ ባለ 3 ቻርጅ ሲመልሰው የሚይዘው ስለማያገኝ እንደ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። (ጆን ኸርሼል በ1842 እ.ኤ.አ. የፈጠረው፣ በኋላም መሐንዲሶች ለፕላን ማባዣ የተጠቀሙበት ሰማያዊ ወረቀት የሚሠራው ብርሃን ብረትን በዚሁ መንገድ ስለሚለውጠው ነው፤ ለእነርሱ የጠቀመው እርስዎን ጎዳ።) ስለዚህ ዝቃጩን በማማሰል ለመመለስ አይድከሙ፤ ተሸካሚውን ያጣ ብረት ቢበጠበጥም ቀዳዳ ከመድፈን በቀር አይረባም።

ወጪ ከማውጣትዎ በፊት ግን ይፈትኑት። አዲስ ከተበጠበጠው ማዳበሪያ በሁለት ንጹሕ የውሃ ጠርሙሶች ይቅዱ፤ አንዱን በጥቁር ፕላስቲክ ይጠቅልሉ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ያኑሯቸው። የተሸፈነው ጠርቶ ያልተሸፈነው ቢደፈርስ ጥፋቱ የብርሃን ነው። ሁለቱም ከዘቀጡ ግን ሮቶውን መሸፈን ብቻውን አያድንዎትም፤ ያን ጊዜ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነቱን ልክ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ይለኩ፣ ብረቱም ከፎስፌት ጋር በአንድ ሮቶ ተቀላቅሎ እንደሆነ ያጣሩ። በስምጥ ሸለቆ ያለው ውሃ ፒኤችን ከፍ የሚያደርግ ቢካርቦኔት የሚበዛበት ስለሆነ ይህን ቀላል ነገር አድርገው አይለፉት፤ ከብረት ተሸካሚዎቹ መካከል ኢዲቲኤ ብረቱን አጥብቆ የሚይዘው ፒኤች 6.5 አካባቢ እስኪደርስ፣ ዲቲፒኤ እስከ 7 ገደማ ሲሆን፣ ኢዲዲኤችኤ ግን በዋጋው ውድ ቢሆንም እስከ 9 ድረስ ይታገሣል።

ጥፋቱ የብርሃን ከሆነ ሮቶውን ባዶ አድርገው ዝቃጩን ካጠቡ በኋላ ውጭውን መጀመሪያ ጥቁር፣ በላዩም ነጭ ቀለም ይቀቡት፤ ጥቁሩ ብርሃን ይከለክላል፣ ነጩ ደግሞ ሙቀት ይቀንሳል። ክዳኑን አይርሱ፤ ብዙ ሰው ጎኑን ቀብቶ አፉን ክፍት ይተወዋል። የሚበጠብጡትም ለጥቂት ቀናት የሚበቃውን ብቻ ይሁን፤ እጥፍ ያደረጉትንም መጠን ወደ ቀድሞው ይመልሱ።

ሥሩ እስኪያገግም በቅጠል ላይ መርጨት ቢፈልጉ ወደ ማታ ያድርጉት፤ ቅጠል ላይ ያረፈችውን ጠብታ የቀትር ፀሐይ እንደ ሮቶው ሁሉ ያፈርሳታል፣ ለገበያ በሚቀርብ ቅጠል ላይም የዝገት ነጥብ ትተዋለች።